የአምሳ አለቃ ህንድኛ

ሰው በፊልም ከወንድሙ ጋር ይታረቃል ብትሉኝ ቀድሞ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ያውም በተሳሳተ ፊልም! ያውም ዓይናቸው በማያይ አስተርጓሚ! ግን ሆነ። የሆነውም እዚሁ ነገሌ ነው፤ ያየው ሰው ብዙ ስለሆነ ላጋንን ብል እንኳ ነገ ገበያ መሃል ይዘው ያሳፍሩኛል። እንደሆነው አወራለሁ። እስክጨርስ ታገሱኝ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ስም አውጡልኝ።

መስፍን እባላለሁ፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ቁጣ ቶሎ ይነሳብኛል፣ ተማሪዎቼ ያውቁታል። አባቴ እዚህ ጦር ሰፈር ተመድቦ የመጣ ወታደር ነበር፤ እዚሁ አግብቶ፣ እኔ ገና ስድህ ወደ ሰሜን ዘምቶ በዚያው ቀረ። እናታችን እኔንና በሁለት ዓመት የሚበልጠኝን ወንድሜን ግርማን የመኮንኖች ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች አሳደገችን። ግርማና እኔ አንድ ነበርን። እሱ ሲያስለው ጉሮሮዬን የምጠርገው እኔ ነበርኩ።

ያኔ፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ከገበያው ጀርባ አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሰባት አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ። ባለቤቷም፣ በረኛዋም፣ አስተርጓሚዋም አንድ ሰው ነበሩ፤ አምሳ አለቃ ደምሴ። ከጦሩ በጡረታ የተገለሉ፣ ሪዛም፣ ያለ ማይክ ሻለቃ የሚያሰልፍ ድምፅ ያላቸው ሰው። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ የህንድ ፊልም ያሳዩናል። በከተማው ህንድኛ የሚችሉ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ልጅ ሆነው አንድ ህንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ እንዳስተማራቸው ራሳቸው ነግረውናል። የተጠራጠረ ልጅ በር ላይ ይቀራል። ከዘራቸውን ይዘው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆሙና አክተሩ በተናገረ ቁጥር በአማርኛ ይተረጉማሉ፤ ከኋላ አማርኛው ያልገባው ሲያጉረመርም ደግሞ በኦሮምኛ ይደግሙለታል።

ከሁሉም ፊልም የምንሞትለት «ሁለቱ ቀዛፊዎች» ነበር። አንዲት እናት፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ ጀልባ። ከኛ ውስጥ ጀልባ አይቶ የሚያውቅ ልጅ አልነበረም። አምሳ አለቃ «ወንዙን ዳዋ ነው በሉት፤ ጀልባ ደግሞ ውሃ ላይ የሚሄድ ጋሪ ነው» ብለው ገላገሉን። ታላቅየው ስሙ በቀለ፣ ታናሽየው ጃርሶ ነበር። አዎ፣ ህንዶቹ! አንዲት እናት በቀለንም ጃርሶንም መውለዷ ነገሌ ውስጥ ማንንም አልገረመም። እና በቀለና ጃርሶ አባታቸው ትቶላቸው በሄደው አንድ መቅዘፊያ ይጣላሉ። በቀለ ጃርሶን እስክሞት አላናግረውም ብሎ ይምላል። እናትየው ታለቅሳለች፣ ትዘፍናለች፣ ደግሞ ታለቅሳለች። በመጨረሻ በቀለ መቅዘፊያውን ይዞ በወንዙ ዳር ወደ ጃርሶ ሲጠጋ… ቅርርርር! ካሴቱ እዚያ ላይ ተበልቷል። ቴሌቪዥኑ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። አምሳ አለቃም ነጠብጣቡ ፊት ቆመው መጨረሻውን በቃል ይነግሩናል።

«በቀለ መቅዘፊያውን በጉልበቱ ሰበረው። ግማሹን ለጃርሶ ሰጠው። እንካ ወንድሜ፣ ያንተ ግማሽ ከሌለ የኔ ግማሽ ዱላ ነው፣ አለው። ተቃቀፉ። አለቀ! ተነሱ፣ አቧራ አታስነሱ!»

የተሰበረ መቅዘፊያ እንዴት ይቀዝፋል ብሎ የጠየቀ የለም። ሰባት ጊዜ አይተነዋል፤ ሰባቱንም ጊዜ አልቅሰናል። መጀመሪያ ያየን ዕለት ግርማና እኔ ቤት ገብተን የእናታችንን ማማሰያ ሰብረን ለሁለት ተካፈልን። በሁለቱም ግማሽ ተገረፍን።

አሁን ደግሞ ለማውራት የማልወደውን ልንገራችሁ።

እናታችን ካረፈች ሰባት ዓመት ሆናት። አንድ ደህና ፎቶ ብቻ ነበራት፤ እሷ መሃል ተቀምጣ፣ ግርማ በቀኟ ቆሞ፣ እኔ በግራዋ ቆሜ እጄን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጌ። ለለቅሶው ፎቶውን ማስጎላት የግርማ ድርሻ ሆነ። እኔ ለእንግዳ ወንበር ሳሰባስብ ውዬ ወደ ድንኳኑ ስገባ ፎቶው በፍሬም ተሰቅሏል፤ እናቴ አለች፣ ግርማ አለ፣ እኔ የለሁም። ትከሻዋ ላይ እጄ ብቻ ቀርቷል። እጅ ብቻ! ለቀስተኛው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ካለ በኋላ ቀና ይልና «ይሄ እጅ ደሞ የማን ነው?» ይላል። አንዲት ባልቴት «የመልአክ ይሆናል» ብለው ተሳለሙት።

ደሜ ፈላ። ግርማን ለቀስተኛ ፊት ጠራሁትና «ቆርጠህ ጣልከኝ!» አልኩት።

«ፍሬሙ አልበቃ አለ፤ እኔማ…» ብሎ ጀመረ።

ፍሬም! እናት ሞታ ስለ ፍሬም! ቄሱ ባሉበት፣ ጎረቤቱ ሁሉ በተቀመጠበት፣ «እንግዲያው ተቆርጫለሁ! ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም!» ብዬ ጮህኩና ወጣሁ። እሱ ታላቅ ነው፣ አይለምንም። እኔ ደግሞ የወጣ ቃሌን አልመልስም። አርባዋ ሳይወጣ የጭነት መኪናውን ይዞ ወደራ ከተማ ገባ፤ ከቦሬ ጎመንና ድንች እየጫነ ወደ ቆላ ያወርዳል። ወደራ ቅርብ ነው፤ ጠዋት የተነሳ መኪና ለምሳ ይደርሳል። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ አልደረስኩም። የሚያሳፍረው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? የሱ መኪና ጥሩምባ በከተማው ባለፈ ቁጥር ከክፍል ወጥቼ በመስኮት አይ ነበር። ናፍቆኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

አምና ነው፤ አስተማሪዎች ክፍል ተቀምጬ ፈተና ሳርም ስልኬ ተንጫጫ። የቪዲዮ ቤቷ ልጆች፣ አሁን ባለቦርጮቹ፣ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ኳስ ማሳያ ቤት ያለው ቦሩ አንድ ማስታወቂያ ለጥፏል። ጀልባ፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ መቅዘፊያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ቀይ ሻርፕ ያሰረው የድሮው በቀላችን ከነጢሙ! ከድሮው ፊልም እንደገና የተሰራ፣ አዲስ፣ በአማርኛ ድምፅ!

ግሩፑ አበደ። አንዱ የጉምሩክ ሠራተኛ ከሞያሌ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ አለ። አንዱ ቀይ ሻርፕ አሰፍቶ በዚያ ሐሩር አንገቱ ላይ አስሮ ፎቶውን ላከ። እኔም አልዋሽም፣ ፈተናውን ትቼ ማስታወቂያውን አሥር ጊዜ አየሁት። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እኔ ይቅርታ አልጠይቅም፣ ግርማም አይጠይቅም። ፊልሙ ይጠይቅልን! ያንን መቅዘፊያ ሲሰብር፣ ያንን ቃል ሲናገር፣ ግርማ ካላለቀሰ ስሜን ቀይሩኝ። በዚህ ካልታረቅን በምንም እንደማንታረቅ ልቤ ነገረኝ።

ለቦሩ ደወልኩ።

«አካም መስፍን! ናጋ? አየህልኝ አይደል?»

«አየሁ። እሁድ ከሰዓት አንተ ቤት እናየዋለን። ግርማንም ጥራው።»

«አንተ ለምን አትደውልለትም?»

«ስልክ የለኝም» አልኩት፣ በስልክ እያወራሁት።

ከዚያ ወደ አምሳ አለቃ ቤት ሄድኩ። ያለሳቸው እንዴት ይሆናል! አርጅተዋል፤ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። የግመል ወተት ሻያቸውን እየጠጡ በረንዳ ላይ ነበሩ። ነገርኳቸው። ብርጭቋቸው ከአፋቸው ሳይደርስ ቆመ።

«የቱ? ሁለቱ ቀዛፊዎች?»

«አዎ! እንደገና ተሰራ!»

«መጨረሻውም አለው?»

«እንዴታ! ሙሉ ነው፣ አልተበላም። በአማርኛም ነው፤ እንግዲህ እርስዎ አይደክሙም።»

«ይቅርብህ ልጄ» አሉኝ። «የድሮ ነገር የሚያምረው በድሮው ነው። ኳስ እዩ።»

ትሕትናቸው መሰለኝ። ሥራቸውን ሌላ ስለወሰደባቸው ቅር ያላቸውም መሰለኝ። ለመንኳቸው፣ አልሆነም። ልነሳ ስል «ግርማም ይመጣል ብዬ እኮ ነበር» አልኳቸው።

«ሁለታችሁም?»

«ጎን ለጎን አንቀመጥም እንጂ፣ ከመጣ እዚያው ነን።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ካፖርቴን ከሳጥኑ አውጣና በደንብ አራግፍልኝ። እኔ መሃላችሁ እቀመጣለሁ።»

እሁድ ከሰዓት የቦሩ ቤት ጢም አለ። ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል፤ ሰዉ በላብ ታጥቦ ይስቃል፣ ይተቃቀፋል፣ «ያቺ ላም ትዝ ትልሃለች?» ይባባላል። እኔ አምሳ አለቃን ይዤ ፊት ተቀመጥኩ፤ በግራቸው ያለውን ቦታ በጃኬቴ ያዝኩ። በሩን ነው የማየው። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ የለም። ስምንት ከሩብ፣ የለም። ቦሩ «ልጀምረው?» ሲል «ትንሽ ቆይ፣ ሰው ሽንት ቤት ነው» እላለሁ። ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ነው ካልኩ በኋላ ያ ጥሩምባ ውጭ ተሰማ።

ግርማ ገባ። ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል። ትከሻው ላይ የጎመን ቅጠል ተለጥፎበታል፤ ላነሳለት እጄን በላኝ፣ ግን ቁጭ አልኩ። የአምሳ አለቃን ትከሻ ስሞ ጃኬቴን በሁለት ጣቱ አንስቶ ለቦሩ ሰጠና ተቀመጠ። እኔን እንደ ግድግዳ አለፈኝ። እኔም የግድግዳ ያህል ሰላም አልኩት።

ፊልሙ ተጀመረ። ወንዙ መጣ፣ ጀልባው መጣ፣ አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ታላቅየው አፉን ከፍቶ በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ «እኔ ራቪ እባላለሁ» አለ።

«ማነው ራቪ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«በቀለ የታለ?»

«ቆዩ እስቲ፣ ጓደኛው ይሆናል!»

ጓደኛው አልነበረም። ራቪ ራሱ በቀለ ነው፤ ጃርሶም ሞሃን ሆኗል። ይሁን ብለን ዋጥነው። ከዚያ ያ ባለ ጥምጣሙ ደግ አጎታቸው መጣ፤ አምሳ አለቃ ገልገሎ ያሉት፣ ለልጆቹ ሁሌ ምክር የሚመክረው። ለካስ አጎት አይደለም! አባታቸውን ወንዝ ውስጥ የከተተው እሱ ነው! ምክር ይመክራል ያልነውም ሲዝትባቸው ነው።

«ያ ረቢ!» ብሎ አንድ ሰው ከወንበሩ ተነሳ። «ልጄን ገልገሎ ያልኩት በዚህ ሰውዬ ነው እኮ!»

ሳቅ ሆነ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ጭንቅ ጭንቅ አለኝ። እናትየው ስለጠፋችው ላሟ ትዘፍናለች ስንል ያደግንበት ዘፈን እንኳ ለካ ልጆቿን የምትረግምበት ነው። አምሳ አለቃ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አንገታቸውን ደፍተዋል። «የት ደረሰ?» ይሉኛል በየደቂቃው። ግርማ ፊቱ አይነበብም። እኔ በልቤ መጨረሻው፣ መጨረሻው ያው ይሆናል፣ መቅዘፊያው አይቀየርም እላለሁ።

መጨረሻው ደረሰ። ወንዙ ዳር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ታላቅየው መቅዘፊያውን ይዞ ወደ ታናሹ ተጠጋ። ካሴቱ ይበላ የነበረበት ቦታ አለፈ። በሕይወታችን አይተነው የማናውቀውን ልናይ ነው! ራቪ መቅዘፊያውን ወደ ላይ አነሳና «ወንድም የለኝም! ዛሬ ይህ ወንዝ ደምህን ይጠጣል!» አለ።

ወንድም የለኝም። የኔን ቃል! ድንኳን ውስጥ የተናገርኩትን! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ሰውየውን ከወደራ ድረስ አስጠርቼ የገዛ ስድቤን በትልቅ ስክሪን፣ በትልቅ ድምፅ አሰማሁት። ቀስ ብዬ ወደ ግራ አየሁ። ግርማ የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ተነስቷል። ሊሄድ ነው፤ ከሄደ ደግሞ አይመለስም።

ያን ጊዜ ከዘራው ወለሉን መታ። ጓ!

«ቦሩ! ድምፁን ዝጋ!»

ቦሩ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ግን እንደ ድሮው ደንግጦ ዘጋው።

«ግርማ! ቁጭ በል! ፊልም አላለቀም!»

ያ ገብስማ ሾፌር እንደ አሥር ዓመት ልጅ ቁጭ አለ። አምሳ አለቃ ብድግ አሉ፤ ካፖርታቸውን አስተካከሉ። «ትርጉሙ ስህተት ነው» ብለው ለአዳራሹ አወጁ። «ይህን የተረጎመው ልጅ ህንድኛ አይችልም። እኔ እመራችኋለሁ።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ለኛ ብቻ በሹክሹክታ «አላይም። አንተ ከዚህ፣ አንተ ከዚያ፣ የሚያደርጉትን ንገሩኝ» አሉን።

ማን ይጀምር? በመጨረሻ ግርማ «በመቅዘፊያው አናቱን መታው» አለ።

«ጃርሶ ራስ ላይ ንብ አርፏል!» ብለው ጮሁ አምሳ አለቃ። «የወንዝ ዳር ንብ ክፉ ነው። በቀለ ንቡን እየመታለት ነው!»

«ደገመው» አልኩ እኔ።

«ንቦቹ ሁለት ናቸው!»

«አምስተኛውን መታው።»

«ቀፎ ነው!»

አዳራሹ ፈነዳ። ቀይ ሻርፕ ያሰረው ሰውዬ ወለል ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ይመታል።

«አምሳ አለቃ፣ ደም አለ» አለ ግርማ።

«ማር ነው።»

«ቀይ ነው እኮ!»

«የጫካ ማር ቀይ ነው! ከቦሬ የምትመጣ አንተ፣ ቀይ ማር አታውቅም?»

«ወደቀ» አልኩ። «በግራ በኩል፣ ወንዙ ውስጥ።»

«በቀኝ በኩል ነው» አለ ግርማ።

«በግራ ነው!»

«በቀኝ ነው እንጂ! ምን ሆነሃል?»

«ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ እኮ! ግራና ቀኝ ታስተምረኛለህ?»

«እኔ ደሞ ሾፌር ነኝ! ግራና ቀኝ ባላውቅ እስካሁን ገደል ውስጥ ነበርኩ!»

አዳራሹ ሁሉ ወደኛ ዞረ። በአምሳ አለቃ ሆድ ላይ ተሻግረን አፍንጫ ላፍንጫ ተፋጠናል። ሰዉ ሁሉ፣ ነገሌ ሁሉ፣ ነገራችንን ያውቃል። ቦሩ ከኋላ «ይኸው ተነጋገሩ!» አለ፤ እንደ ጎል ነው የጮኸው። እኔ ያኔ ነው የገባኝ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያ ቃላችን ነበር፤ እሱም ጠብ ነው። ግርማ ከንፈሩን ነከሰ። ሳቁን ሊይዝ ነበር፤ አቃተው። እኔማ ወዲያው ነው ያመለጠኝ።

«ወዴትም ይውደቅ!» አሉ አምሳ አለቃ። «ይዋኛል። ንቡን ሽሽት ነው። ወጣ?»

«አልወጣም» አልን ሁለታችንም።

«ትንፋሹን ይዞ ነው። አሁንስ?»

«የስም ዝርዝር ጀመረ። አለቀ።»

«በሌላ በኩል ወጥቷል፤ ካሜራው አላየውም» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በቀለ መቅዘፊያውን በጉልበቱ ሰበረው። ግማሹን ለጃርሶ ሰጠው…»

አዳራሹ አላስጨረሳቸውም። ያ ሁሉ ባለቦርጭ፣ አስተማሪው፣ ጉምሩኩ፣ ነጋዴው፣ ማንም ሳያዘው በአንድ ድምፅ «እንካ ወንድሜ! ያንተ ግማሽ ከሌለ የኔ ግማሽ ዱላ ነው!» አለ። እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ስክሪኑ ላይ የልብስ ሰፊዎች ስም እያለፈ ነበር።

«ተነሱ» አሉ አምሳ አለቃ። «አቧራ አታስነሱ።»

ሰዉ ሲወጣ ሦስታችን ቀረን። አምሳ አለቃ ተቀምጠው ሪዛቸውን ይዳብሳሉ።

«ልጆች፣ ልናዘዝ። እኔ ህንድኛ አልችልም።»

«እሱንማ እናውቃለን» አለ ግርማ።

እኔ አላውቅም ነበር! እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ አርባ ዓመት ያለፈኝ የመንግሥት አስተማሪ፣ አላውቅም ነበር። ለተማሪዎቼ «ነገሌ ውስጥ ህንድኛ የሚችሉ ሰው አሉ» እያልኩ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ።

«ያ የሒሳብ አስተማሪ ያስተማረኝ አንድ ቃል ነው፤ ናሂ። የለም ማለት ነው» አሉ። «ካሴቱንም ማሽን አልበላውም። በምላጭ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አልኩ።

«እናታችሁ መጣችብኝ። ያን ሰሞን ሰው ከጣሪያ የሚዘልበት ፊልም አሳይቼ ነበር፤ እናንተ ዘላችሁ ያንተ ክንድ ወለቀ። ትዝ ይልሃል? የታጠበ ልብስ በሳፋ እንደያዘች በቪዲዮ ቤቷ በር ላይ ቆመች። አምሳ አለቃ፣ አለችኝ፣ እነዚህ ልጆቼ ያዩትን ነው የሚያደርጉት፤ በሚመጣው እሁድ የሚያሳዩዋቸውን አስቀድመው ይዩልኝ። እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አየሁት። ወንድም ወንድሙን ሲገድል አየሁ። እናንተ ደግሞ ሁልጊዜ ፊተኛው አግዳሚ ናችሁ። ምላጩን አነሳሁ።»

ግርማ ከኪሱ ቦርሳውን አወጣ። ከመንጃ ፈቃዱ ጀርባ አንዲት ቀጭን የፎቶ ቁራጭ ነበረች፤ ጠርዟ ተልጧል። እኔ ነኝ። በአዲስ ሸሚዝ፣ ፈገግ ብዬ፣ ያለ አንድ እጅ።

«እኔም የቆረጥኩት በእጄ ነው» አለ። «ፍሬሙ ለሦስታችን አልበቃ አለ፤ የፎቶ ቤቱ ልጅ አንዳችሁ ውጡ አለኝ። መቀሱን ተቀብዬ ራሴን ልቆርጥ ነበር። ግን እናታችን ወደኔ ዘንበል ብላለች፤ እኔን ስቆርጥ ጆሮዋ አብሮ ይሄዳል። እናቴን ያለ ጆሮ ልስቀላት? ያንተ እጅ ደግሞ ከትከሻዋ አልወጣ አለ። ተውኩት። ሌላውን ኪሴ ከተትኩ።»

«ታዲያ ይሄን ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«አስጨረስከኝ?»

ውድ አንባቢዎቼ፣ በሕይወቴ ብዙ ተመትቻለሁ፤ በማማሰያም ተመትቻለሁ። እንደዚች ቃል የመታኝ የለም። «እኔማ…» ብሎ ጀምሮ ነበር እኮ! ስድስት ዓመት ሙሉ ቆራጩ እሱ፣ ተቆራጩ እኔ መስዬ ከርሜ፣ ለካ የሰውየውን ንግግር ከመሃል የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ጫማው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል አንገቴን ይዞ ቀና አደረገኝና «ተው፣ ፊልም አታብዛ» አለኝ። ትከሻው ላይ ያለችውን የጎመን ቅጠል አነሳሁለት። ተቃቀፍን። አምሳ አለቃ አላዩም፤ ግን «ተቃቀፉ?» ሲሉ ቦሩ ከበሩ «ኤዬ፣ ተቃቀፉ!» ብሎ አስተረጎመላቸው።

ከዚያ ወዲህ ተለውጫለሁ ብል ግማሽ እውነት ነው። ቁጣዬ እንዳለ ነው። ግን ክፍል ውስጥ ተማሪ ሰበብ ሲጀምር፣ የፈለገውን ያህል ቢያናድደኝ፣ ነጥቡ ጋ እስኪደርስ ጠመኔዬን ይዤ እቆማለሁ። እናንተም የልጅነታችሁን ፊልም እንደገና ሠርተው ቢያበላሹባችሁ አትናደዱ፤ ድምፁን ዝጉና የምታውቁትን ተናገሩ። እኛ አሁን በወር አንድ እሁድ ቦሩ ቤት እንሰበሰባለን። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ግርማ በግራ፣ እኔ በቀኝ ሆነን ሹክ እንላለን፣ አምሳ አለቃ ይተረጉማሉ። ባለፈው ያየነው ፊልም ላይ ሰላሳ ሰው በጥይት ሲወድቅ እሳቸው ሁሉንም የሆድ ቁርጠት ነው ብለው አዳኑልን።

ፎቶውንስ አላችሁ? ግርማ ቁራጯን አምጥቶ ትልቁ ፍሬም ውስጥ፣ ከእጄ አጠገብ፣ በማስቲሽ ለጠፋት። ችግሩ እናታችን ጎልታለች፣ ግርማም ጎልቷል፣ እጄም ጎልቷል፤ እኔ ብቻ በድሮው ልኬ ቀርቻለሁ። የክብሪት ቀፎ አክላለሁ። እንግዳ ቤት ሲመጣ አሁንም ቀና ይልና «ይሄ እጅ የማን ነው?» ይላል።

«የዚህች ትንሽ ሰውዬ ነው» ይላል ግርማ፣ እኔን እያሳየ።

«ኧረ በስመ አብ! እጁ ከሱ ይበልጣል እኮ!»

«እጁማ ምን አላት» ይላል ወንድሜ፣ «አፉን ባያችሁ።»

ልመልስለት እነሳና፣ እስኪጨርስ ቁጭ እላለሁ።